«ከረጢቱን ተጭኗል»

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዕድሜያቸው 63 ነው። ባልትና እያዘጋጁ ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ ዛሬም በርበሬ ማስጣቱን፣ መቀንጠሱን፣ መደለዙን ለሌላ ሰው አይተዉም። በጥቅምት አንድ ጆንያ በርበሬ ከደጅ ወደ ቤት ሊያስገቡ ጎንበስ ባሉበት ወገባቸውን ያዛቸው። ስድስት ሳምንት አለፈው። እሑድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ስሄድ ትልቁ የኤም አር አይ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ቡናው አልተፈላም። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እንዲህ ያለ ፖስታ በየሳምንቱ አያለሁ፤ ፖስታውን የያዘውን ሰው ፊት ግን እስካሁን ልለምደው አልቻልኩም። የተነጋገርነውን እሳቸው ስለፈቀዱልኝ ጽፌዋለሁ።

እትዬ፦ ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም፤ ትደነግጥብኛለች።

እኔ፦ ምኑን ነው ያልነገሯት?

እትዬ፦ ሰረሰሬ መጨፍለቁን። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። የሰጠኝ ልጅ «ለሐኪምዎ ያሳዩ» ብሎ ሸኘኝ፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል። የልጅ ልጄ በስልኩ አስተረጎመና «እማማ፣ የህብለ ሰረሰር ከረጢት ተጭኗል ይላል» አለኝ። ሽባ ልሆን ነው ማለት ነው። ሌሊቱን የእግሬን ጣቶች እያንቀሳቀስኩ፣ አሉ ወይስ ሄዱ እያልኩ ነው ያደርኩት።

እኔ፦ እስቲ ወረቀቱን ልየው። «በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ወጥቷል፤ ቴካል ሳክ የሚባለውን ከረጢት ገፍቷል፤ በግራ በኩል የሚወርደውን ነርቭ ነክቷል» ነው የሚለው። የመጨረሻውን ቃል ሐኪሙ ይነግርዎታል። አንዱን ነገር ግን ዛሬውኑ ልንገርዎት፤ እዚያ ቦታ ላይ ህብለ ሰረሰር የለም።

እትዬ፦ እንዴት ነው የሌለው? በጀርባ አጥንት ውስጥ አይደል የሚያልፈው?

እኔ፦ በጀርባ አጥንት ውስጥ ነው፤ ግን እስከ ታች አይደርስም። ከአንጎል ተነሥቶ ይወርድና በአዋቂ ሰው ከወገብ አንደኛና ሁለተኛ አጥንት አካባቢ ያልቃል። እጄን እዚህ ላድርገው፤ ይኸው፣ ከመጨረሻዋ ጎድን ትንሽ ዝቅ ብሎ። የእርስዎ ዲስክ ያለው ከዚያ ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ እዚህ ጋ ነው። ገመዱ ካለቀ በኋላ ወደ ታች የሚቀጥሉት ከሱ የወጡ የነርቭ ዘለላዎች ናቸው። የጥንት ሐኪሞች መልኩን አይተው በላቲን «ካውዳ ኢኳይና» አሉት፤ የፈረስ ጭራ ማለት ነው።

እትዬ፦ ጭራ? አባቴ ከእጁ የማይለየው የነበረ ዓይነት ጭራ?

እኔ፦ እሱኑ ያስቡ። ያ ጭራ ውሃ በሞላ እርኮት ውስጥ ተንጠልጥሏል። «ከረጢት» የተባለው እርኮቱ ነው። ከራስ ቅል ጀምሮ ህብለ ሰረሰሩን እንደሸፈነ ይወርዳል፤ ገመዱ ቢያልቅም እሱ ቀጥሎ እስከ ዳሌዎ መሐል አጥንት ይደርሳል። ውሃው አንጎልዎንም የከበበው ያው ጥሩ ውሃ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ ሁለት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው፤ ሰውነት ግን በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ስለሚያመነጭ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል።

እትዬ፦ እሺ። ዲስኩ እርኮቱን ከገፋው ውስጥ ያለው ጭራ አይጨፈለቅም?

እኔ፦ ውሃ የሞላ እርኮት በአውራ ጣትዎ ቢጫኑ ምን ይሆናል?

እትዬ፦ ቆዳው ይሰረጉዳል፤ ውሃው ወደ ጎን ይሸሻል።

እኔ፦ ውስጡ ያለው ጭራስ?

እትዬ፦ አብሮ ይሸሻላ።

ፊልሙን ከፖስታው አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ወገባቸው በአግድም የተቆረጠበትን ምስል ፈልጌ አሳየኋቸው። ነጩ ውሃው ነው፤ በነጩ ውስጥ የተበተኑት ጥቁር ነጠብጣቦች ነርቮቹ ናቸው። ከፊት በኩል ነጩ ትንሽ ገባ ብሏል፤ ከኋላ ግን ሰፊ ቦታ አለው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ነጠብጣቦቹን በጣታቸው እየነኩ ሊቆጥሯቸው ሞከሩ።

እትዬ፦ ከረጢቱ ራሱ ቢቀደድስ?

እኔ፦ ሦስት ድርብ ነው። የውጪኛው ዱራ ይባላል፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ነገር ግን ጠንካራ ነው። ዲስክ ቀዶት ወደ ውስጥ የገባበት ሰው አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው እንጂ። ሙሉ ስሙ ዱራ ማተር ነው፤ «ጠንካራዋ እናት» ማለት። በዐረብኛ የጻፉ ሐኪሞች የአንጎልን ሽፋኖች «እናት» እያሉ ይጠሩ ነበርና፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፋቸው ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ እንዳለ ተሻገረ።

እትዬ፦ ደግ ስም አወጡላት። ልጇን ሥሯ ደብቃ ዱላውን በጀርባዋ የምትቀበል እናት አይቻለሁ።

እኔ፦ ይቺኛዋ እናት የሚያማት ግን በፊቷ በኩል ነው። ከዲስኩ ጋር የምትፋጠጥበት ገጽ ሕመም የሚያደርሱ ረቂቅ ነርቮች አሉት፤ የኋላው ገጽ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ያኔ ለማህፀን ቀዶ ጥገናዎ ወገብዎን ሲወጉዎት ቆዳዎ ላይ እንጂ መርፌው ዱራን ሲያልፍ ብዙም አልተሰማዎትም፤ ከኋላ ስለገባ ነው። ዲስክ የሚመጣው ከፊት ነው። ስለዚህ ነርቭ ሳይጨፈለቅም፣ ሽፋኗ በመገፋቷ ብቻ ያማል። እንዲህ ያለው ሕመም ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ «የቱ ጋ ነው?» ሲባል ሰው በመዳፉ እንጂ በጣቱ አያሳይም።

እትዬ፦ የኔ እኮ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንዳልሽው ወገቤን ሁሉ ይዞ ይጠዘጥዛል። ሌላው ተቀምጬ ስነሣ ከግራ መቀመጫዬ ተነሥቶ በባቴ ውጪ አድርጎ እስከ አውራ ጣቴ ይነዝረኛል።

እኔ፦ ሁለተኛው የነርቩ ነው። እያንዳንዱ ነርቭ ከእርኮቱ ሲወጣ የዱራን እጅጌ ለብሶ ነው የሚወጣው። የእርስዎ ዲስክ የነካው አምስተኛውን የወገብ ነርቭ ነው፤ የሱ መንገድ ደግሞ ልክ እርስዎ እንደነገሩኝ እስከ አውራ ጣት ነው። ከወረቀቱ ይልቅ ይህ ንግግርዎ ይበልጥ ይረዳኛል።

እትዬ፦ ሳስነጥስስ ለምን ነው እንደ ኤሌክትሪክ የሚይዘኝ?

እኔ፦ ሲያስነጥሱ የሆድና የደረት ግፊት ይጨምራል። በከረጢቱ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች ያብጣሉ፣ የውሃውም ግፊት ከፍ ይላል፤ ያኔ የተቆጣው ነርቭ ይነካል። አንድ አፍታ ነው፤ የጨመረ ጉዳት የለም።

እትዬ፦ ዲስኩንስ ንገሪኝ። ሰው ሁሉ ዲስክ ዲስክ ይላል፤ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እኔ፦ ከአንገት እስከ ወገብ 23 ናቸው፤ በአጥንትና በአጥንት መካከል የሚቀመጡ ትራሶች። ዳር ዳሩ እንደ ሽንኩርት ልጥ ተደራርቦ የተጠቀለለ ጠንካራ ጅማት ነው። መሐሉ እንደ ተልባ ልጋግ ያለ፣ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው። ማታ ሲተኙ ውሃ ይጠጣል፤ ቀን ሲቆሙ ይጨመቃል። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ለዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ልጋጉ ይደርቃል፤ ልጡም ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ሲያነሡ ልጋጉ ስንጥቁን ይዞ ወደ ኋላ ይገፋል። ከኋላ መሐል ላይ ቁልቁል የሚወርድ ጅማት ስላለ አብዛኛውን ጊዜ በጎን በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ ነርቩ የሚወጣውም እዚያው ነው።

እትዬ፦ በርበሬው ነዋ ጉድ የሠራኝ።

እኔ፦ በርበሬው የመጨረሻዋን ስንጥቅ ከፍቶ ይሆናል። የቀረው ግን የዓመታት ነው፤ የሥራም፣ የዘርም። ራስዎን አይውቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ 98 ሰዎች ኤም አር አይ ተነሡ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 33 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ምንም ከማያማቸው የ60 ዓመት ሰዎች 88 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ፣ 69 በመቶው ያበጠ ሆኖ ተገኘ። አጠገብዎ ሲያስቀድሱ የሚቆሙት እኩዮችዎ ሁሉ ቢነሡ የብዙዎቹ ወረቀት የእርስዎን ይመስላል።

እትዬ ዝም አሉ። ፊታቸው ሲከፋ አየሁ፤ ያላሰብኩት ቦታ ነክቻለሁ።

እትዬ፦ ታዲያ የኔ ሕመም ውሸት ነው? ሌሎቹ ሳያማቸው እኔ ብቻ ነኝ የማቃስተው?

እኔ፦ ውሸት አይደለም። እንደዚያ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት አይስሙት። የፎቶው መልክና የሕመሙ ልክ አንድ አይደሉም ነው የምልዎት። ነርቭ መነካቱ ብቻ አይደለም የሚያሳምመው። ያ ልጋግ ከቤቱ ሲወጣ ሰውነት እንደ ባዕድ ይቆጣዋል፤ ነርቩ ያብጣል፣ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የስዊድን ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ ይህንኑ አሳይተዋል፤ ልጋጉን ሳይጫኑ ነርቩ ላይ ብቻ ሲያኖሩት የነርቩ ሥራ ደከመ። ስለዚህ ትንሽ ዲስክ ብዙ ሊያሳምም ይችላል፤ ትልቁም ዝም ሊል ይችላል። የእርስዎ ነርቭ አሁን ቁስል ላይ ነው። ቁስል ደግሞ ይድናል።

እትዬ፦ በምን ይድናል? ዲስኩ ተንሸራቷል አይደል? የኛ ሰፈር ወጌሻ መልሼ አገባዋለሁ ብሎኛል።

እኔ፦ ይህን «ተንሸራተተ» የሚሉትን ቃል አልወደውም፤ ሰውን ወደማይሆን ቦታ ይወስደዋል። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ነው፤ እንደ መሳቢያ ወጥቶ አይመለስም። ወጌሻው የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ፤ እጁን አከብራለሁ። ይህ ግን የወለቀ አጥንት አይደለም። የወጣውን ልጋግ በውጪ ተጭኖ የሚያስገባ እጅ የለም፤ የኔም እጅ ቢሆን። የተቆጣ ነርቭ ያለበትን ወገብ መርገጥና ማጣመም ደግሞ ጉዳት ያመጣል።

እትዬ፦ ታዲያ እዚያው ተቀምጦ ሊቀር ነው?

እኔ፦ ብዙ ጊዜ አይቀርም፤ ይህን ማንም አይነግርዎትም። ያ የወጣው ነገር ደም አግኝቷል፤ በደም ውስጥ የሚመጡት የሰውነት ዘበኞች ይበሉታል። የሚገርመው፣ ፈጽሞ ተቆርጦ የወጣው ይበልጥ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ተቆርጦ የወጣው በ96 በመቶው ሰው ላይ ያለ ቀዶ ጥገና ቀንሷል፤ ልጡን በስቶ የወጣው በ70 በመቶው። አበጥ ብሎ ብቻ የቀረው ነው እምብዛም የማይለወጠው፤ 13 በመቶ። ወረቀቱ ላይ በጣም የሚያስፈራው ቃል አንዳንዴ ቶሎ የሚሄደው ነው።

እትዬ፦ ይህን ትናንት ማታ ሰምቼው ቢሆን እንቅልፌን እተኛ ነበር።

እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጨምሮ ቢሰጣቸው ኖሮ፣ አንዲት የ63 ዓመት ሴት በጨለማ የእግራቸውን ጣት እየቆጠሩ ባላደሩ ነበር። በሽተኛ የራሱን ውጤት በሚገባው ቋንቋ መስማቱ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

እትዬ፦ እስከዚያው ልተኛ?

እኔ፦ አይተኙ። ሕመሙ ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ያረፉ እንደሆነ ይበቃል። በቀን ደጋግመው ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፤ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ማስታገሻ ይውሰዱ፤ ረጅም ሰዓት አይቀመጡ። እንቅስቃሴውን እኔ እያየሁ እናሳድገዋለን።

እትዬ፦ ስግደቱስ? ጾሙ እየመጣ ነው።

እኔ፦ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ቀኖናው ይታሰብለታል። ለአሁኑ ቆመው በመቋሚያ ይጸልዩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን አንድ ሰው ራሱ ፈቅዶ ዲስኩ ውስጥ መለኪያ ተተከለለት። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግፊቱ ከተኛበት አምስት እጥፍ ሆነ፤ ወገቡን አጉብጦ 20 ኪሎ ሲያነሣ ደግሞ ከቆመበት አራት እጥፍ አለፈ። ያንኑ ጭነት ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዝ ግማሽ ያህል ቀነሰለት። ነርቩ ሲረጋ ወደ ስግደቱ ቀስ ብለን እንመለሳለን። በርበሬውን ግን ከእንግዲህ ልጆቹ ያንሡት።

እትዬ፦ ቀዶ ጥገናውን ፈርቼ ነበር።

እኔ፦ ከዲስክ ጋር የተያያዘው ቀዶ ጥገና መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ጽሑፋቸውን ካወጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከረጢቱን የሚጫነውን ነገር ብዙዎቹ ዕጢ ይሉት ነበር። ዛሬ ጥሩ ሕክምና ነው፤ እግር ላይ ለሚወርድ ሕመም ቶሎ ያስታግሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሆላንድ ሐኪሞች 283 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ነበር፤ ገሚሱን ቶሎ ቀደዷቸው፣ ለቀሩት ጊዜ ሰጧቸው። ቶሎ የተቀደዱት ሕመማቸው ፈጥኖ ለቀቃቸው። ጊዜ ከተሰጣቸው ውስጥ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በኋላ ቀዶ ጥገና ፈልገዋል። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው ያህል አገግሞ ተገኘ። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ጊዜም አለዎት። ጊዜ የሌለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ቃል በቃል እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ።

እትዬ፦ ጻፊልኝ። በአማርኛ።

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። ዲስኩ እጅግ ትልቅ ሆኖ እርኮቱን በሙሉ ቢሞላው፣ ውሃው የሚሸሽበት ቦታ ያጣል፤ ጭራውም ይታነቃል። ይህ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ሲደርስ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። የጻፍኩት ይህን ነው፤ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሁለቱም እግር ከደከመ፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል።

እትዬ፦ ኮርቻ ያልሽውን ሰርዢው። የዛሬ ልጅ በቅሎ ላይ አልተቀመጠም፤ አይገባውም። «ስታጠብ መቀመጫዬና ጭኔ መሐል እጄ ካልተሰማኝ» በይ።

ሰርዤ እንዳሉት ጻፍኩ። ለታካሚዎቼ ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ የምለው ይህንኑ ነው። ሥሩም ላይ ጨመርኩ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ ዲስክ ነው ብለው አይቀመጡ። በአገራችን የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ እሱም መግል ይዞ ያንኑ ከረጢት ይጫናል፤ መድኃኒት ግን አለው።

እትዬ፦ ቅድም ገመዱ ከላይ ያልቃል ብለሻል። ዲስኩ አንገት ላይ ቢሆንስ?

እኔ፦ ያ ሌላ ነው። አንገት ላይ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ጭራ ሳይሆን ገመዱ ራሱ ነው። ገመድ እንደ ጭራ አይሸሽም፤ ቦታውም ጠባብ ነው። እዚያ ሲጫን አንዳንዴ ሕመም የለውም። እጅ ይከዳል፣ እግር ይወላገዳል፣ ሰው በጨለማ ሲሄድ ይንገዳገዳል፤ ቀስ እያለ ስለሚመጣም እርጅና ነው ተብሎ ይተዋል። የተጎዳ ገመድ ደግሞ እንደ ነርቭ ዘለላው በቀላሉ አያገግምም። ስለዚህ ቶሎ መታየት አለበት።

እትዬ ወረቀቱን አጥፈው ከፊልሙ ጋር ፖስታው ውስጥ ከተቱት። ቡና ላፍላ ብዬ ስነሣ ክንዴን ያዙኝ።

እትዬ፦ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅተው ሰውስ?

እኔ፦ ማን ነው እሱ?

እትዬ፦ ጎረቤቴ፣ ከግቢው ጀርባ ያለችው። እኔ ነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የምቆልፍላት። ስኒ ከእጇ ይወድቃል፤ ከፋሲካ ወዲህ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ሰዉ አረጀች ይላታል። እሷ ምንም አያመኝም ነው የምትለው። እኔ ነኝ የማቃስተው፣ እሷ ናት ሻይ ይዛልኝ የምትመጣው፤ እሱንም እያፈሰሰች።

እኔ፦ ዕድሜዋ ስንት ነው?

እትዬ፦ ከኔ ታንሳለች። 58 ቢሆናት ነው።

እኔ፦ እትዬ፣ ነጠላዎን ይልበሱ። ቡናው ይቆየን፤ አሁን ወደሷ እንሂድ።

እትዬ በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን፣ በቀኝ እጃቸው እኔን ይዘው ተነሡ። በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ለቀቁና ቀድመውኝ ወጡ።